ማኪያቶህን ስለ መቀየሬ

ሙሉዬ፣ ጌታዬ፦

ከተለየኸኝ ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ልጃችን ባሕር ዳር ናት፤ በደወለች ቁጥር «እማዬ፣ ካፌውን ዝጊውና እኔ ጋ ነይ» ትለኛለች። ዛሬ የምጽፍልህም ስለ ካፌው ነው። ቁጭ ብለህ ስማኝ፤ ቆመህ ከሰማኸው ትቆጣለህ።

ከመንገዱ ማዶ፣ ጎማ ይሸጥበት በነበረው ቤት፣ አዲስ ካፌ ተከፍቷል። የአንድ ሰው ካፌ እንዳይመስልህ። አዲስ አበባ አለ፣ ባሕር ዳር አለ፣ ጎንደር አለ፤ ሁሉም ጋ አንድ ዓይነት ወንበር፣ አንድ ዓይነት ስኒ፣ አንድ ዓይነት ፈገግታ ነው አሉ። ለደብረ ታቦርም ደረሳት። ወንበሩ ከሰው ወገብ በላይ ነው። ቄስ ወይም ሽማግሌ ሲገባ ሰው «ኖር!» ብሎ መነሣቱ አይቀርም፤ ከዚያ ወንበር ወርዶ እስኪቆም ድረስ ግን ሽማግሌው ተቀምጠው፣ አዝዘው ጨርሰዋል።

የእኛ ደንበኞች የመጀመሪያውን ሰሞን ምለውልኝ ነበር። ጓደኛህ ፈንታ ልብስ ሰፊው «ከሙሉጌታ ቤት ሌላ ቡና ብቀምስ ምላሴ ይቆረጥ» አለኝ። ሌላው ደንበኛችን ሃምሳ አለቃ ቢተውም እንዲሁ ማለ። እኔም አምኜ፣ ልክ አንተ እንዳሳየኸኝ፣ ቡናውን ከሰል እስኪመስል እያሳረርኩ፣ ወተቱን ደጋግሜ እያፈላሁ ጠበቅኳቸው። «ቡና ካልመረረ ሻይ ነው» ትል አልነበር? ቃልህን አላጎደልኩም። መጀመሪያ ሃምሳ አለቃውን ጉንፋን ያዘው። ቀጥሎ ፈንታ ሥራ በዛበት። በሁለት ወር ውስጥ እኔና ማሽኑ ብቻችንን ቀረን።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ እነሱን ያወጣቸው ማኪያቶ ነው። እዚያ ቤት ያዘዘ ሰው ስሙን ይጠየቃል። አስተናጋጇ ልጅ ስሙን የወረቀት ስኒው ላይ ትጽፍና ሲደርስ ትጣራለች፤ ድምጿ ደግሞ ገበያ ይበትናል። የእኛ ጀግኖች ታዲያ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ይገቡና፣ እኔ እንዳልሰማ ብለው የክርስትና ስማቸውን ይሰጣሉ። እኔን ለማታለል! ሃያ ዓመት ሙሉ የሚካኤልን ማኅበር ስደግስ፣ ቄሱ እያንዳንዳቸውን በክርስትና ስማቸው እየጠሩ ሲመርቁ ከጓዳ ስሰማ የኖርኩትን ሴት! በሬ ላይ ቁጭ ብዬ፣ «ገብረ ማርያም!» ስትል ሃምሳ አለቃው፣ «ወልደ ጊዮርጊስ!» ስትል ፈንታ እያልኩ እስቅ ጀመርኩ። ግን ሙሉዬ፣ ከፋኝም። አንተን የከዱህ መሰለኝ። በቃ ልዝጋው ብዬ ቆረጥኩ።

ባለፈው ሐሙስ ስኒዎቹን ካርቶን ውስጥ እየከተትኩ ሳለ፣ ልጅቷ ከማዶ «ኃይለ ሚካኤል!» ብላ ተጣራች። የአንተን የክርስትና ስም። የሚወስደው አጣች መሰል ደገመችው፦ «ኃይለ ሚካኤል! ማኪያቶ!» ከቀብርህ ቀን ወዲህ ያ ስም እንዲህ ከፍ ብሎ ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም። መንገዱን እንዴት እንደተሻገርኩ እንጃ፤ ብቻ የዕቃ ማድረቂያ ጨርቅ በእጄ እንደያዝኩ ካፌያቸው መሐል ቆሜያለሁ።

ስኒው ላይ እጁን የዘረጋው ፈንታ ነበር። ሲያየኝ ጋቢውን ወደ አፍንጫው ሳበ፤ ግን ምን ያደርጋል፣ ታይቷል። አቀርቅሮ «ሰሞኑን በርሽ ላይ ሆነሽ ስትስቂ አየሁሽ፤ የእኔን ስም እንደነቃሽበት ገባኝ» አለ። «ሌላ ስም ስፈልግ አፌ ላይ የመጣው የሱ ነው። ደሞስ እሱ ከሌለ ቡና አልወርድ ይለኛል። ቢያንስ ስሙ ይጠራ ብዬ ነው።»

ልሰድበው አፌን ከፍቼ ነበር። ስኒውን አቀበለኝ። ያንተ ስም ተጽፎበታል፤ ከእኔ ሌላ ማን ይጠጣው? ቀመስኩት። ሙሉዬ፣ ይጣፍጣል። ሠላሳ ዓመት ካፌ ውስጥ ስኖር ማኪያቶ እንዲህ መሆኑን አላውቅም ነበር። ፊቴን ያየው ፈንታ፣ በሕይወትህ ሳለህ ያልደፈረውን ተናገረ፦ «ሙሉጌታ እኮ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ቡና ማፍላት አይችልም ነበር። እሱን ብለን ነው የምንጠጣው።» ሃምሳ አለቃው ከዚያ ረጅም ወንበር ሊወድቅ እስኪደርስ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ እንባዬም መጣ። ያን ሁሉ ዓመት ያን ሬት የተጋቱት ላንተ ብለው ኖሯል! እንዴት ያለ የተወደደ ሰው አግብቼ ኖሬያለሁ።

እንግዲህ ልናዘዝ። ካፌውን አልዘጋሁም። ቡናውን ማሳረር ግን ትቻለሁ፤ ወተቱንም አንዴ ብቻ ነው የማሞቀው። ስም አልጠይቅም፤ ማን ምን እንደሚጠጣ ገና በሩን ሲያልፍ አውቃለሁ። ፈንታና ሃምሳ አለቃው ተመልሰዋል። አልፎ አልፎ ማዶም ይሄዳሉ፤ አሁን ግን ፊታቸውን ገልጠው ነው። በገዛ ቤትህ ያንተን ቡና ማስቀረቴ ሆዴን ይበላዋል፤ ይቅር በለኝ።

ጨርሼ ግን አልጣልኩትም። ወር በገባ በአሥራ ሁለት፣ በሚካኤል፣ ደንበኛ ሳይመጣ በጠዋቱ አንድ ስኒ እንደ አንተ አሳርሬ አወጣለሁ። ለሰው አልሰጠውም፣ ኃጢአት ነው። ራሴው ፊቴን አኮሳትሬ እስከ አተላው እጠጣዋለሁ፤ አንተ ጋ እስክመጣም በየወሩ እጠጣዋለሁ።

ያንተው የውብዳር