መስታወቴን ሰሌዳ ላደረጉልኝ ክቡር ኃላፊ

ለክቡር የክልሉ ትምህርት ቢሮ ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ላላየነው ትምህርት ቤታችን ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ንግግርዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎም እንደ ሪፖርትዎ እንከን የሌለበት ይሆን ዘንድ ከልብ እመኛለሁ። እኛ የሰፈርዎ ሰዎች ደህና ነን። ልጆቻችንም ከጣሪያ፣ ከግድግዳና ከአስተማሪ በቀር የጎደለባቸው ነገር የለም።

ሥራ በዝቶብዎ ረስተውኝ ከሆነ ላስታውስዎ፤ በገበያው መግቢያ ያለችው ፀጉር ቤት ባለቤት ነኝ። እናትዎ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ እጅዎን ይዘው እየጎተቱ ሲያመጡዎት ቶንዶሱን ፈርተው ያለቅሱ ስለነበር፣ ወንበሩን ወደ መስታወቱ አስጠግቼ ራስዎን እያዩ ዝም እንዲሉ የማደርገው እኔ ነበርኩ። ያ መስታወት አሁንም አለ፤ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ። ቁጥር እንደሚወዱ ስለማውቅም የልቤን በቁጥር ከፋፍዬ አቅርቤያለሁ።

አንደኛ፤ የመሠረት ድንጋይ ሊያስቀምጡ የመጡ ዕለት ስላደረጉልን ንግግር ላመሰግንዎ እወዳለሁ። በተማሩበት በዚያ አሮጌ ትምህርት ቤት በር ላይ ቆመው፣ ይቀመጡበት የነበረውን ክፍል በጣትዎ እያሳዩ እንባዎን ሲጠርጉ፣ አብሮዎት ያላለቀሰ ማን ነበር? ቀጥለውም «ይህ አሮጌ ቤት እዚህ ቆሞ አዲሱ የት ሊቆም ነው? እናንተ አፍርሳችሁ ቦታውን ካጸዳችሁልኝ፣ ክረምቱ እንደወጣ ሥራው ይጀመራል» አሉን። ቅዳሜ ጠዋት ሽማግሌው መዶሻ፣ ሴቱ አካፋ ይዞ ወጣና፣ እየዘፈንን አፈረስነው። ሁልጊዜ ማስረጃ ስለሚጠይቅ «አቶ ማስረጃ» የምንለው ጎረቤቴ አናጢው፣ «ከማፍረሳችን በፊት ወረቀት እንቀበል» ብሎ ነበር። ሰፈሩ በአንድ አፍ ተቆጣው። የገዛ ልጃችንን፣ እዚሁ አፈር ፈጭቶ ውሃ ተራጭቶ ያደገውን፣ ፈርምልን ልንለው ነው? ነውር አይደለም ወይ? አቶ ማስረጃም አፍሮ መዶሻውን አነሣ። የወረደውን ቆርቆሮ፣ በርና መስኮት የቢሮዎ መኪና «ዝናብ እንዳይመታባችሁ በአደራ እናስቀምጥላችሁ» ብሎ ጭኖ ሄደ። ንብረቱን እስከ ዛሬ ዝናብ እንዳልነካው እናምናለን፤ የነካው እኛን ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚለው ተረት ለሌላ ሰው የተተረተ ይመስለን ነበር።

ሁለተኛ፤ ቢሮዎ መልስ ነፍጎን አያውቅም፤ በዚህ በኩል ሐሜት የለብንም። ክረምቱ ወጥቶ ሠራተኛ ሲጠፋ ሽማግሌዎች ላክን። የበጀት ክፍሉ፣ ገንዘቡ የተያዘው ነባር ትምህርት ቤትን ለማስፋፋት እንደሆነ፣ ባለሙያዎች መጥተው ሲያዩ ግን በቦታው ነባር ትምህርት ቤት እንዳላገኙ በትሕትና አስረዳን። እውነት ነው፣ አላገኙም፤ በእርስዎ ቃል እኛው አፍርሰነዋል። እንግዲያው ትምህርት ቤት እንደሌለው ሰፈር ቆጥራችሁ አዲስ ሥሩልን ብለን ወደ ግንባታ ክፍሉ ብንወጣ፣ በመዝገባቸው ሰፈራችን ትምህርት ቤት እንዳለውና ላለው ሰፈር ሌላ እንደማይሠራ ነገሩን። እንዲህ ነው እንግዲህ፤ ታች ስንጠይቅ የለንም፣ ላይ ስንጠይቅ አለን። በሁለቱ መካከል ያለውን ደረጃ ሽማግሌዎቻችን ጉልበታቸው እስኪከዳቸው ወጥተው ወርደውታል። ሐኪም ለእርጅና የሚያዝዘው እንቅስቃሴ ነውና ስለዚህም ምስጋናችን ይድረስዎ።

ሦስተኛ፤ ይህ ሁሉ ሲሆን ትምህርት እንዳልቆመ ስገልጽልዎ ኩራት ይሰማኛል። ትንንሾቹ በወፍጮ ቤቱ መጋዘን ተጠጉ፤ በዱቄቱ ነጭ ሆነው ስለሚወጡ እናቶቻቸው ልጃቸውን የሚለዩት በድምፅ ነው። አምስተኛ ክፍል ደግሞ እኔ ጋ ገባ። አቶ ማስረጃ አግዳሚ ወንበሮች ሠራ። ሰሌዳ ስላልነበረ መምህሯ ሳሙና አንሥታ በመስታወቴ ላይ መጻፍ ጀመረች፤ ልጆቹም በቁጥሮቹ መካከል የገዛ ፊታቸውን እያዩ ይማራሉ። ደንበኞቼ ለመዱት። አንድ ቀን የአውቶቡስ ሹፌራችን ግማሽ ጢሙ ተላጭቶ ሳለ ትምህርቱ ክፍልፋይ ላይ ደረሰና፣ መምህሯ ይቅርታ ጠይቃ ፊቱን ለምሳሌ ተጠቀመችበት። ሰውየው ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ንቅንቅ አላለም።

ባለፈው ወር በዚያችው ክፍል ሬዲዮ ከፍተን ሳለ በክልሉ ምክር ቤት ሲጠየቁ ሰማንዎት። የእኛን ትምህርት ቤት በስሙ ጠርተው፣ ግንባታው ሰባ በመቶ መድረሱን፣ ኅብረተሰቡም በከፍተኛ ደስታ ላይ መሆኑን ተናገሩ። ምክር ቤቱ አጨበጨበልዎ። መምህሯ ሬዲዮኑን ዘጋችና ሳሙናዋን ይዛ ወደ መስታወቱ ዞረች፤ ሰባ በመቶው ካለቀ ስንት ይቀራል ብላ ጠየቀች። የልጅ ልጄ እጇን አውጥታ «ሁሉም» አለች። ማንም አልሳቀም። ጥግ ላይ የወላለቀ ወንበር ሲጠግን የነበረው አቶ ማስረጃ መዶሻውን ትቶ ወጣ። እስከ ዛሬ ድረስ «ነግሬያችሁ ነበር» ብሎን አያውቅም፤ ቢለን ይሻለን ነበር።

ክቡር ሆይ፣ በጨዋ ቋንቋ ልጽፍልዎ ለራሴ ቃል ገብቼ የተነሣሁ ቢሆንም እዚህ ላይ ጨዋነቴ ሊያልቅብኝ ነው። ሌላ ሹም ቢዋሸን ለምደነዋል። ከሩቅ የመጣ ቢሆን፣ አገሩን አያውቀው፣ ምን ያድርግ እንል ነበር። እርስዎ ግን በዝናብ ጊዜ የትኛው ክፍል እንደሚያፈስስ፣ የትኛው መስኮት እንደማይዘጋ የሚያውቁ ሰው ነዎት። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ሆነብን። ያፈረስነው ቤት ቆጭቶናል፤ ከእርሱ ይልቅ የሚያንገበግበን ግን ስናፈርሰው እየዘፈንን መሆናችን ነው።

አራተኛና የመጨረሻው ስለ መምህሯ ነው። ሌሎቹ መምህራን አንድ በአንድ ተነሥተውብን እርሷ ብቻ ቀርታ ነበር፤ ጠዋት ወፍጮ ቤት፣ ከሰዓት ፀጉር ቤት እየተመላለሰች ሁሉንም ክፍል ታስተምር ነበር። አሁን ቢሮዎ ሕንፃ በሌለበት መምህር ማቆየት የሀብት ብክነት ነው ብሎ ወደ ሌላ ከተማ አዛውሯታል። ለምክር ቤቱ ሲሆን ሰባ በመቶ የነበረው ሕንፃ ለመምህሯ ሲሆን ጨርሶ ጠፋ ማለት ነው። ዓርብ ዕለት ልጆቹ ሻንጣዋን ደበቁባት። ስትፈልግ ስትፈልግ ቆይታ በፎጣ ማስቀመጫዬ ውስጥ ስታገኘው፣ እዚያው ሻንጣው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ሊወስዳት የመጣው የአውቶቡስ ሹፌራችን ሞተሩን አጥፍቶ፣ ጥሩምባም ሳይነፋ ጠበቃት። ከሰኞ ጀምሮ ልጆቹ እንደ ወትሮው ደብተራቸውን ይዘው ይመጡና፣ ወንበራቸው ላይ ተደርድረው እኔን ያዩኛል። እኔ ጢም ከመላጨት በቀር ምን ላስተምራቸው?

ስለዚህ የምንለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ሕንፃውን ትተንልዎታል፤ ላም አለኝ በሰማይ እያልን መኖር ችለናል። ቆርቆሮውንም ይጠቀሙበት። መምህሯን ብቻ ይመልሱልን። ሕንፃ ያስፈልጋል ከተባለ ፀጉር ቤቴን ትምህርት ቤት ነው ብለው ያስመዝግቡት፤ የሌለውን አለ ብሎ የመዘገበ ቢሮ ያለውን ለመመዝገብ እንደማይቸገር ተስፋ አደርጋለሁ።

የመሠረት ድንጋይዎን አቧራ በየማለዳው እየጠረግሁ፣ ስምዎም እንዳይደበዝዝ እየተጠነቀቅሁ፣ ዕድገትዎን የምጠባበቅ

የልጅነትዎ ፀጉር አስተካካይ

ግልባጭ፦
ለክልሉ ምክር ቤት፤ ደብዳቤው ሰባ በመቶ ደርሷቸዋል ተብሎ ይያዝልኝ።

ማስታወሻ፦ ከላይ እመለስበታለሁ ያልኩት ነገር መስታወቱ ነው። መምህሯ ከመሄዷ በፊት የጻፈችው የመጨረሻ ትምህርት እዚያው ላይ አለ፤ ልጆቹ፣ ተመልሳ እስክትጨርሰው እንዳላጠፋው አስምለውኛል። ስለዚህ ደንበኞቼን የማስተካክለው ያለ መስታወት ነው፤ ማንም አልተከፋብኝም። ምናልባት ምርጫ ሲቃረብ ወደ ሰፈርዎ ብቅ ብለው ፀጉርዎን ልስተካከል ካሉ ወንበሩ የእርስዎ ነው። ራስዎን የሚያዩበት ቦታ ግን የለም፤ እንደ ልጅነትዎ ቢያለቅሱ እንኳ የማባብልበት አላገኝም።