አባዬ፣ አፍንጫዎን ሐኪም ይየው

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? እንቅልፍስ ይወስድዎታል? እማዬን ወገቧ ተሻላት? አጎቴስ፣ እህቴስ፣ ጎረቤቱስ በሙሉ ደህና ነው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልሆንኩም፤ እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ እተኛለሁ። የእርስዎን ጤና የጠየቅሁት ግን ለወጉ ያህል ነው። መልሱን እህቴ አስቀድማ ነግራኛለች፤ ስለዚህ «ደህና ነኝ፣ ይመስገን» የምትለዋን ለሌላ ሰው ያስቀምጡልኝ። እህቴንም እንዳይቆጧት። ቁም ስቅሏን አሳይቼ ያናገርኳት እኔ ነኝ።

በስልክ ልነግርዎት ሞክሬ ነበር። ወሬው ወደ አፍንጫዎ ሲዞር «ድምፅሽ ይቆራረጣል» ይሉና ስልኩን ለእማዬ ያቀብላሉ። የሚገርመው ስልኩ እማዬ እጅ ሲገባ ድምፄ ጥርት ይላል። የተጻፈ ነገር ግን መነጽርዎን አድርገው ሁለት ጊዜ እንደሚያነቡ አውቃለሁ፤ የቡታጋዝ መመሪያ እንኳ እስከ መጨረሻው ገጽ የሚያነቡ ሰው ነዎት። ነገ ወደ እናንተ የሚመጣ የጭነት መኪና ሹፌር አገኘሁና ይኸው ጻፍኩ። ደብዳቤ አይቆራረጥም።

አባዬ፣ ይቅር ይበሉኝና አንጀቴን አሳረሩት። ለሁሉም ነገር «ይሄ የዘራችን ነው፣ አበባ ሲፈነዳ አፍንጫችን ይፈሳል» ይላሉ። እውነት ነው፤ አያቴም በአበባ ወቅት ሲያስነጥሱ ግቢው ይሰማ ነበር፣ እርስዎም ያስነጥስዎታል፣ እኔም ተርፌ አልቀረሁም። የአሁኑ ግን ያ አይደለም። እህቴ እንደምትለው አሁን አያስነጥስዎትም፣ ዓይንዎንም አያሳክክዎትም። መጀመሪያ ጉንፋን ያዘዎት፤ ተሻለዎት ተባለ፤ ከዚያ ተመልሶ ብሶ መጣ። አፍንጫዎ በወፍራም ቢጫ ነገር ተዘግቷል፤ የሰው ቡታጋዝ ሲጠግኑ ሥሩን ሊያዩ ጎንበስ ሲሉ ግንባርዎን ይዘው ቀና ይላሉ፤ ማታ ማታ ብርድ ብርድ ይልዎታል። ይህን ሁሉ ተሸክመው «ወቅቱ ነው፣ ያልፋል» ይላሉ። እናንተ ዘንድ ወቅቱ እኮ አለፈ አባዬ፤ እርስዎ ጋ ያለው በሽታ ብቻ ነው ያላለፈው።

በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ የላይኛው መንጋጋዎ ቢያምዎት ጥርስ ሊያስነቅሉ ሄዱ። የጥርስ ሐኪሙ ጥርሱ ጤነኛ ይመስላል፣ ሌላ ምርመራ ያስፈልግዎታል ብሎ ቢለምንዎት «እኔ ነኝ የማውቀው፣ ንቀለው» ብለው እምቢ አሉት አሉ። ተነቀለ። ሕመሙ ግን እዚያው ነው። አንድ ጤነኛ ጥርስ፣ ያውም ሥጋ የሚያኝኩበትን፣ ለአፍንጫ ጥፋት ከፈሉ። መሳቅ ወይስ ማልቀስ እንዳለብኝ ግራ ገብቶኝ ሁለቱንም አደረግሁ።

ይህ ሁሉ ቢሆን እንኳ እንዲህ ባልተቆጣሁ። ያስቆጣኝ የወጥ ቤቱ ነገር ነው። የሰፈሩ ሰው «አፍንጫው» ብሎ የሚጠራዎት በከንቱ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ልጅ ሆኜ የመሣሪያ ሳጥንዎን ይዤ ስከተልዎት አይቻለሁ፦ ቱቦውን አጥብቀው፣ ዓይንዎን ጨፍነው፣ አሽትተው «ንጹሕ ነው» ሲሉ የቤቱ ሰው እፎይ ይላል። የሳሙና አረፋ ቀብቶ ጋዝ ማምለጡን ማየት ለተማሪ ነው ይላሉ። ጥሩ። አፍንጫዎ በሚሠራበት ዘመን እኔም ኮርቼብዎታለሁ። ባለፈው ሳምንት ግን የራሳችንን ቡታጋዝ ቱቦ ቀይረው፣ አሽትተው፣ «ንጹሕ ነው» ብለው ክብሪት አወጡ። እማዬ ልብስ ሰቅላ ስትመለስ ከበሩ ላይ ሆና ጋዙ ሸተታት። ሮጣ ክብሪቱን ከእጅዎ ነጠቀችዎት። እርስዎ ደግሞ «ትንሽ ጋዝ ናት፣ አታካብጂ» ብለው ሣቁ አሉ።

ይህን ስሰማ የማጥፈውን አንሶላ ለቅቄ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ጋዝ አይሸትዎትም ማለት ነው። ከመቼ ጀምሮ? ከዚያ በኋላስ ስንት ሰው ቤት ገብተው «ንጹሕ ነው» አሉ? ለምን እንደደበቁት ይገባኛል፤ አፍንጫው አይሸትም ከተባለ ማን ይጠራኛል ብለው ነው። ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። አባዬ፣ ፈራሁ። ስልኬ በጮኸ ቁጥር ማን እንደደወለ ሳላይ «አባዬ ደህና ናቸው?» እላለሁ።

እኔ ራሴ በተቃራኒው የሞኝ ሥራ ስለሠራሁ ልንገርዎት። እዚህ የምሠራበት ሆቴል ላውንደሪ ጀርባ በረድፍ የቆሙ ዛፎች አሉ። በዚህ ወቅት ቢጫ ዱቄታቸው መስኮቱ ላይ፣ ጋሪው ላይ፣ አጥበን የተኮስነው አንሶላ ላይ ሳይቀር ያርፋል። ዓይኔ ቀልቶ ሲያነባ አለቃችን ጥግ ወስዳ ማን እንዳስለቀሰኝ ጠየቀችኝ፤ ዛፍ ነው ብላት አላመነችኝም። እኔም ሳይነስ ነው ብዬ ለራሴ ፈርጄ የሠራተኞች ክሊኒክ ሄድኩና አንቲባዮቲክ ይታዘዝልኝ አልኩ። ዶክተሯ መጀመሪያ እኔ ልጠይቅሽ አለችኝ። ያሳክክሻል? እንዴታ። ከአፍንጫሽ የሚወርደውስ? እንደ ውሃ። ትኩሳት? የለም። ጎንበስ ስትዪ ፊትሽን ያምሻል? የለም። አለርጂ ነው፣ አንቲባዮቲክ አንድ ነገር አይፈይድልሽም ብላ የአፍንጫ መርጫና የአለርጂ ኪኒን አዘዘችልኝ፤ መስኮት እንድዘጋ፣ ከውጭ ስገባ ፊቴንና ፀጉሬን እንድታጠብም መከረችኝ። ይኸው ተሻለኝ።

ከወንበሩ ሳልነሳ የእርስዎን ነገር ነገርኳት። ፈገግታዋ ጠፋ። አለርጂ ያሳክካል፣ ያስነጥሳል፣ ትኩሳት የለውም፤ ሳይነስ የሚባሉት ፊት አጥንት ውስጥ ያሉ ባዶ ቦታዎች ታፍነው ሲያመረቅዙ ግን ፊት ይከብዳል፣ የላይኛው ጥርስ ያማል፣ ማሽተት ይጠፋል አለችኝ። ቀለሙ ብቻ አይፈርድም፤ ቢጫ በተራ ጉንፋንም ይመጣል፣ ብዙውም ያለ አንቲባዮቲክ በራሱ ይለቃል። ነገር ግን አሥር ቀን አልፎ ካልተሻለ፣ ወይም ተሽሎ የነበረው ተመልሶ ከባሰ፣ ወይም ከባድ ትኩሳትና ብርቱ የፊት ሕመም ከመጣ ሐኪም ይየው ማለት ነው። ዓይን ዙሪያው ካበጠ፣ ማየት ከደበዘዘ፣ አንዱ ሁለት ሆኖ ከታየ፣ አንገት አልታጠፍ ካለ፣ ራስ ምታቱ ልክ ካጣ ወይም ሰውየው ከተደናገረ ደግሞ ነገ የለም፤ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ነው። ሳላያቸው አልፈርድም፣ ግን አባትሽ እስካሁን ቤት ምን ያደርጋሉ ብላ ጠየቀችኝ። «ቡታጋዝ ያሸታሉ» ልበላት?

እርስዎን ደስ የሚያሰኝ አንድ ነገርም ተናግራለች። አለርጂ ያሳበጠው አፍንጫ ለዚህ ሕመም በር ሊከፍት ይችላል አለች፤ ስለዚህ ዘራችንን መውቀስዎ ሙሉ በሙሉ ስህተት አይደለም። ይችን ብቻ አንብበው ሌላውን ጆሮ ዳባ ልበስ እንዳይሉ።

አሁን የምለምንዎት ነገር ረጅም አይደለም። ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ጉንፋኑ መቼ እንደጀመረ፣ ተሽሎ መመለሱን፣ ጥርሱን፣ በተለይ ማሽተት ማጣትዎን ሳይደብቁ ይንገሩት። ከመሳቢያ የተረፈ የማንም ኪኒን እንዳይውጡ። እስኪድኑ ድረስም የማንንም ቡታጋዝ በአፍንጫዎ አይፈትሹ፤ ሳሙና ለተማሪ ብቻ አይደለችም፣ ማንንም አታሳፍርም። ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው። ሐኪሙ ምንም የለብዎትም ካለ ዓመቱን ሙሉ ይሣቁብኝ፤ ደስ ብሎኝ እሣቃለሁ።

ለእህቴ ሰላምታዬን ይንገሩልኝ፤ ለማክሰኞ ከሥራ ፈቃድ ጠይቃለች፣ ይዛዎት የምትሄደው እሷ ናት። ለአጎቴም ሰላም ይበሉልኝ፤ «ወንድ ልጅ ለጉንፋን ሐኪም ዘንድ አይሄድም» የሚለውን ምክሩን እስከ ማክሰኞ በሆዱ ይያዝልኝ። ለጎረቤታችን ለልብስ ሰፊዋም ሰላምታዬ ይድረሳት፤ ባለፈው ወር የጠገኑላትን ቡታጋዝ በሳሙና ድጋሚ እንድታስፈትሽ ደውዬላታለሁ። ይናደዱብኝ እንጂ ሌላ ምን አደርጋለሁ።

ለእማዬ ሰላምታ አልልክም፤ ትናንት ረጅም ሰዓት አውርተናል። እርስዎን ሐኪም እስኪያይዎትና ያን ቱቦ ሌላ ባለሙያ እስኪፈትሸው ድረስ በቤታችን እሳት እንዳይለኮስ ተስማምተናል። ይህን ሲያነቡ የቀረበልዎት ምሳ ቀዝቃዛ ከሆነ ረስታው አይደለም። እኔም እርስዎ ከሐኪሙ ክፍል ወጥተው እስኪደውሉልኝ ድረስ ትኩስ ነገር በአፌ ላይዞር ቃል ገብቼላታለሁ፤ ሻይም ቢሆን። እልኸኛ መሆኔን ያውቃሉ። እዚህ ጠዋት ጠዋት ገና ይበርዳል፣ አባዬ።

አክባሪዎ ልጅዎ

ከሆቴሉ ላውንደሪ በላይ ካለው የሠራተኞች ክፍል
እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ዛፎቹ ገና አበባቸውን ሳይጨርሱ