በቀለም የሚሸጠው አባቴና በቁመት የሚሸጠው አጎቴ

ለተከበሩ የከተማችን ንግድ ቢሮ ኃላፊ፣

ጤናዎ እንደ ማኅተምዎ የጠነከረ፣ ወንበርዎም እንደ ወትሮው የሞቀ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ አስቀድሜ አንድ ከባድ ጥፋት እናዘዛለሁ፦ ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ከአጎቴ ሱፐርማርኬት የገዛሁትን ብስኩት እየበላሁ ነው። የአባቴ ሱፐርማርኬት ደግሞ ከመንገዱ ማዶ፣ ፊት ለፊት ነው። ስለዚህ ብስኩቱ ክህደት ነው፤ ግን ይጣፍጣል።

እንደሚያስታውሱት፣ አንዲት እናት ከአባቴ የገዙትን የተሰበረ ጃንጥላ ተሳስተው ለአጎቴ ቢመልሱ፣ አጎቴም ሳያስተውል አዲስ ቀየረላቸው። ቢሮዎም «ሁለቱ ሱፐርማርኬቶች በሠላሳ ቀን ውስጥ ልዩነታቸውን በግልጽ ያሳዩ፤ አለበለዚያ አንዱ ይዘጋል» ሲል ጻፈ። ከአንድ መኪና የሚወርድ አንድ ዓይነት ዕቃ የሚሸጡ ወንድማማቾችን እንዲህ መለየት ከእርስዎ በቀር ለማን ይመጣለት ነበር? ውጤቱን በአክብሮት አቀርባለሁ።

፩. አባቴ ዕቃውን በቀለም ደረደረ። ጨው፣ ስኳር፣ ዱቄትና የልብስ ሳሙና ነጭ በመሆናቸው ብቻ ባንድ መደርደሪያ ይኖራሉ። የቲማቲም ድልህም ከቀይ የጥፍር ቀለም ጋር ተጎራብቷል።

፪. አጎቴ በቁመት ደረደረ። ሻማ የሚፈልግ ሰው «ስንት ሴንቲሜትር?» ይባላል፤ ካላወቀ ቤቱ ሄዶ ለክቶ ይመለሳል። ደንበኞችንም በቁመት ስለሚያሰልፍ፣ አጭሯ የሒሳብ አስተማሪያችን መቼ ብትመጣ አንደኛ ናት። ረጅሙ ፀጉር አስተካካይ ግን ከሰኞ ጀምሮ ተሰልፏል ይባላል።

፫. ይቺ ትንሽ ስለሆነች ቢፈልጉ ይዝለሏት። አያቴ የምትኖረው ከአጎቴ ሱቅ በላይ ሲሆን ደረጃውም በሱቁ ውስጥ ነው። አባቴ «የተፎካካሪ ደጃፍ አልረግጥም፤ አንቺም ብትረግጪ ዋ!» ካለ ሃያ አንድ ቀኑ። አያቴ ከበረንዳዋ ሆና «ኧረ ልጆች፣ እኔ በየትኛው ቀለም ነው የተደረደርኩት?» እያለች ትጣራለች። አባቴ እንዳልሰማ ሆኖ ሰማያዊ ባልዲዎቹን ይወለውላል፤ አንዱን ባልዲ ሦስት ጊዜ።

የምለምንዎ ይህችን ብቻ ነው፦ ደብዳቤዎን ይሻሩልን። የአንድ እናት ልጆች ሱቅ ቢመሳሰል ምን ይገርማል?

ቀጭን ትእዛዝዎን በወፍራም አክብሮት የተቀበልኩ፣
ቆቂት፣ የባለቀለሙ ልጅ፣ የባለቁመቱ የወንድም ልጅ

ግልባጭ፦ በሁለቱም ሱቆች በር ላይ እንዲለጠፍ

ማሳሰቢያ፦ ባለፈው ማክሰኞ ከአባቴ ነጭ መደርደሪያ «ስኳር» ብለው ይዘው የሄዱት የልብስ ሳሙና ዱቄት ነበር። አይቼ ነበር፤ ልዩነት የሚያውቅ ቢሮ ይህን አይስትም ብዬ ዝም አልኩ። ሻይዎ አረፋ ቢያበዛ ይቅርታ።

ሌላም ማሳሰቢያ፦ አሁን ያለሁት አጎቴ ሱቅ ውስጥ፣ ከመጥረጊያዎቹ ጀርባ ነው፤ ሰው ሲቀንስ ወደ አያቴ ልወጣ። አንድ ኮፍያውን እስከ አፍንጫው የደፋ ሰውዬ፣ ብርቱካን ታቅፎ፣ በእግር ጣቶቹ ጫፍ እየተራመደ ወደ ደረጃው እየሄደ ነው። ጫማውን አውቀዋለሁ፤ ዛሬ ጠዋት ቤታችን የቀባሁት እኔ ነኝ። ዞር አለ።

«ቆቂት! አንቺ... እሺ፣ ዝም በይ። ብርቱካኑን ያዢልኝና ቀስ ብለሽ ተከተዪኝ።»