ሊኑክስ እምቢ ያለበት ሳምንት

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ቀይ መስኮት። ለአራተኛ ጊዜ። ሊኑክስ የተባለውን የኮምፒውተር ማስነሻ ሥርዓት በአሮጌው ላፕቶፕ ላይ መጫን እጀምራለሁ፤ ቋንቋውን፣ ስሜን፣ የይለፍ ቃሉን በየተራ እሞላለሁ፤ ቀሪውን ከኢንተርኔት ላውርድ ሲል መስኮቱ ይቀላና «አልተሳካም» ይላል። አጠፋለሁ። እንደገና ከዜሮ።

ካልጻፍኩት ጭንቅላቴ ውስጥ ይዞራል፤ በቅደም ተከተል ላስፍረው።

ተማም አጋሮ የሚኖር የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ ጂኦግራፊ ያስተምር ነበር፣ እኔ ሒሳብ። ጡረታ ከወጣን በኋላ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ረቡዕ ረቡዕ፣ ጅማ እየመጣ የአገሩን የጎማ ወረዳን ኮረብታና ጅረት ስም ከነምክንያቱ ይነግረኛል፣ እኔ እተይባለሁ። መስከረም ላይ ግማሽ ጎኑን መታው። አንደበቱ ተያዘ፤ ቀኝ እጁም አይታዘዝለትም። የነገረኝን ሁለተኛ ሊነግረኝ አይችልም።

ላፕቶፑ ደግሞ ጥቅምት መጨረሻ ላይ መከፈት አቆመ።

ተማም ከመታመሙ በፊት «ቅጂ አለህ ወይ?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። «እንዴታ!» አልኩት። የለኝም። ተማሪዎቼን ስንት ጊዜ «መልሳችሁን ሁለቴ አረጋግጡ» ብያለሁ።

ጽሑፉ ያለበትን አሮጌውን ዲስክ አውጥቼ በጨርቅ ጠቅልዬ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጫለሁ። በምትኩ ሌላ ዲስክ አስገብቻለሁ። ጎረቤቴ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው፤ «ሌላው ኮምፒውተር እምቢ ያለውን ዲስክ ሊኑክስ አንዳንዴ ያነባል» ብሎ ሊኑክስ ያለበትን ፍላሽ ሰጠኝና ለሥራ ወደ ገጠር ወጣ። ስልኩ አይሠራም።

አምስተኛ ሙከራ። የላፕቶፑ የሰዓት ባትሪ ስለሞተች በተነሣ ቁጥር ቀን ይጠይቃል። እንደ ሁልጊዜው በትክክል ሞላሁ፦ ቀን 8፣ ወር 3፣ ዓመት 2018፣ ሰዓት 9፡40። ዛሬ ምንድን ነው የሚለውን እንኳ ሳያውቅ ሥራ የሚጀምር ነገር አልወድም።

ቀይ መስኮት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ዲስኩን ይዤ አወቱ መንደራ ሰፈር፣ ኤፍሬም ሱቅ ሄድኩ። ኤፍሬም ከወላይታ መጥቶ እዚህ ቤተሰብ የመሠረተ፣ እጁ ፈጣን የኮምፒውተር ጠጋኝ ነው። ዲስኩን ከራሱ ማሽን ጋር አገናኘው። አልተነበበም።

«መምህር፣ ጌታ ይባርክዎት፣ ፎርማት እናድርገውና ይገላገሉ።»

«ውስጡ ያለውስ?»

«እሱማ ይጠፋል። ግን ዲስኩ ይድናል!»

ዲስኩን ከእጁ ተቀበልኩት። ሳቀብኝ። «እርስዎ ተማሪ ሲያስቸግርዎት አያባርሩም ነበር? ይሄንንም ያባርሩት!»

«አባርሬ አላውቅም፤ አስደግማለሁ እንጂ» አልኩት። ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ቤት ስገባ ግን አልሳቅሁም።

ሰባተኛ ሙከራ። ቀይ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

የተማም ቀን። ወንበሩ እዚያው መስኮቱ ሥር ነው።

ተጠርጣሪዎችን አንድ በአንድ እየለየሁ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እየቀየርኩ ሞከርኩ።

ፍላሹ፦ በሌላ ቀየርኩት። ያው።
ኬብሉ፦ ቀየርኩት። ያው።
ኔትወርክ፦ የስልኬን ዳታ ትቼ የሌላ ጎረቤት ዋይፋይ ለመንኩ። ያው።
ማስታወሻ ቺፑ፦ አውጥቼ አጽድቼ መለስኩ። ያው።

መዝገበ ቃላት አውጥቼ ቀዩ መስኮት ላይ ያለውን ጽሑፍ ቃል በቃል ተረጎምኩት። የሚወርዱት ፋይሎች እውነተኛ ለመሆናቸው የሠሪዎቹ ፊርማ አለባቸው። ማሽኑ የሚለው፦ ፊርማው የተፈረመው ወደፊት በሚመጣ ቀን ነው፤ አልቀበልም። ነገን ዛሬ የሚፈርም ማን አለ? የአሮጌ ማሽን ቅዠት ነው ብዬ አለፍኩት።

ከሰዓት በኋላ የተማም ልጅ ዘይነባ ደወለች። ሁለት ጊዜ ሳላነሣ ቀረሁ። በሦስተኛው አነሣሁ።

«ጋሼ፣ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ይመጣሉ አይደል? አባዬ ጽሑፉ እንዲነበብለት ይፈልጋል። በግራ እጁ መጽሐፍ እንደሚገልጥ ሰው እያደረገ ያሳየናል።»

«እየተዘጋጀ ነው» አልኳት።

«ወላሂ ጋሼ፣ በዚህ ሁለት ወር ፊቱ ሲፈታ ያየሁት ስምዎን ስንጠራ ብቻ ነው።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ከቤት መውጣት ፈለግሁ። ጅሬን ኮረብታ ድረስ በእግሬ ልሂድ ብዬ ጫማ አደረግሁ። በር ላይ ቆሜ መልሼ አወለቅሁ። ብሄድስ የት እደርሳለሁ? ዓርብ እዚያም ያገኘኛል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ጠዋት ባለቤቴ አልማዝ የግፊት መድኃኒቷን ይዛ መጣች። መነጽሯን አላደረገችም።

«ይሄ የሚያልፍበት መቼ ነው? ሃያ ሃያ ሰባት የሚል ይመስለኛል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይቆያል እንዴ?»

«በፈረንጅ ነው እንጂ አልማዝ! እነሱ የሚጽፉት በራሳቸው…»

መድኃኒቱን ከእጇ ተቀብዬ 2027 የሚለው ላይ አፈጠጥኩ።

«ምነው፣ አፍህ ተከፍቶ ቀረ?»

ሦስት ዓመት ሙሉ ለዚህ ላፕቶፕ የእኛን ቀን ስሰጠው ኖሬያለሁ። ለመተየብ ብቻ ስለምጠቀምበት ምንም ብሎኝ አያውቅም። ሊኑክስ ግን አመነኝ። 2018 ስለው የፈረንጅ 2018 መሰለው። ሰባት ዓመት ወደ ኋላ አስቀምጬው፣ ፊርማው የነገ ነው ሲለኝ ቅዠታም አልኩት። ትክክል የነበረው እሱ ነው።

ቀን 20፣ ወር 11፣ ዓመት 2025። ሰዓቱ ላይም ስድስት ጨመርኩ።

ቀይ አልመጣም። መቁጠሪያው አንድ በመቶ፣ ሁለት በመቶ እያለ ሄደ። የላፕቶፑ ዋናው ባትሪም የሞተ ነው፤ መብራት ከሄደ ሁሉም ከንቱ። አልማዝ ምጣዱን እንዳትሰካ ለመንኳት። «እንግዲህ ዳቦ ብላ» አለችኝ። ዳቦ በላን። አሥር ሰዓት ላይ ተጠናቀቀ።

አሮጌውን ዲስክ በኬብል አገናኘሁ። ቅጭ ቅጭ አለ፤ ቆመ፤ እንደገና ቅጭ አለ። ማያው ላይ ምንም የለም። ከወንበሩ አልተነሣሁም። ከዚያ ማኅደሮቹ አንድ በአንድ ታዩ።

የተማም ጽሑፍ ተከፈተ። አንድ መቶ ዘጠኝ ገጽ። አንድ መቶ አሥራ ሦስት መሆን ነበረበት። ሦስቴ ቆጠርኩ። የመጨረሻው ረቡዕ የለም።

ያለውን በሁለት ፍላሽ ላይ ገለበጥኩ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ጠዋት ሁሉንም አሳትሜ በሚኒባስ አጋሮ ሄድኩ። መንገድ ዳር ቡና በየማድረቂያ አልጋው ላይ ተሰጥቷል። ሰው ሁሉ ለቀማ ላይ ነው።

ዘይነባ ግቢው በር ላይ ተቀበለችኝ። ሳልገባ ነገርኳት፦ «ላፕቶፑ ተበላሽቶ ነበር። ለአባትሽ ቅጂ አለኝ ያልኩት ውሸት ነው።»

አየችኝ። «ባይገኝስ ኖሮ ጋሼ? ምን ሊሉት ነበር?»

«አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም» አለች። በሩን ገፋ አድርጋ ከፈተችና፣ «ይግቡ። እየጠበቀ ነው።»

ተማም በትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። ማንበብ ጀመርኩ። ሦስት ገጽ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ። አራተኛው ላይ ግራ እጁን አነሣ። ቆምኩ።

«ስሙ ነው የተሳሳተው?» እጁ አልወረደም። «ምክንያቱ?» አልወረደም። «ቦታው?» ወረደ። ጅረቱን ከኮረብታው በስተምሥራቅ ብዬዋለሁ፤ ለካ በስተምዕራብ ነው። አንዲት መስመር ለማቃናት ግማሽ ሰዓት ፈጀብን። ዘይነባ «ደክሞታል፣ ይበቃል» ስትል እጅጌዬን ያዘ፤ አልለቀቀም። አንድ ገጽ ጨመርኩለት።

አሁን በሚኒባስ ወደ ጅማ እየተመለስኩ ነው የምጽፈው፤ ፊደሉ የተንሻፈፈው ለዚህ ነው። ገጽ አምስት ላይ ነን። በዚህ አካሄድ ወራት ይፈጃል፤ ይፍጅ። አራቱ ገጾች እንደሌሉ ግን ለእሱም ለልጁም አልተናገርኩም። የመጨረሻው ገጽ ላይ ስንደርስ ያን እጁን ያነሣል።