ተቀባይ ነበረው?

እሁድ

ደሙ ከፍራሹ አልወጣ አለ። ሁለቴ በውሃ ፈተግነው፤ ሮዝ ሆኖ ተስፋፋ እንጂ አልለቀቀም። ቢኒያም "ተዉት" አለ። ደሙ የፈሰሰው የናቲ ጓደኛ ነው፤ ከደሴ አብረው ወጥተው ባሕሩንም የመንንም አብረው ያለፉ። "ተዉት። ማን እንዳፈሰሰው ይታይ።"

የሆነውን ቶሎ ልጻፍ። ነገ ሁሉም በየራሱ መንገድ ያስታውሰዋል።

ጠዋት ናቲና ሰይድ በብርድ ልብስ ተጣሉ። እዚህ ተርሂል፣ ወደ አገር እስኪመልሱን በታጎርንበት እስር ቤት፣ የማቀዝቀዣው ንፋስ ቀንም ሌሊትም አይቆምም፤ ብርድ ልብሱ ግን ለሰው ሁሉ አይበቃም። ሰይድ ነጥቆ ወሰደ። ገበሬ ነው፣ ከወሎ ቆላ፣ ዝምተኛ ሰው። ወንድሙ ከየመን ሲሻገሩ ድንበሩ ላይ ተኩስ ሲወርድባቸው ወድቆ ቀርቷል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ የማናችንም ታሪክ ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ከምሳ በኋላ ናቲ እንደ ሁልጊዜው ራፕ ጀመረ። ግድግዳውን ተደግፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ቃል በቃል ላይ ይደረድራል። ሰይድ ፊት ለፊቱ ነበር።

ስምህን ሲጠራ ሰማህ፣ ሰማህና ሮጥህ፣
እሱ ድንጋይ ለበሰ፣ አንተ ብርድ ልብስ መረጥህ።

ሰይድ ተነሣ። በቱና ቆርቆሮ ክዳን የናቲን ፊት ከጆሮው ሥር እስከ ከንፈሩ ጥግ ቀደደው። ከዚያ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይዞ ከግድግዳው ጋር አጋጨው። መንጋጋው ሲሰበር ሰማሁት። ደረቅ ድምፅ ነው፤ ከምጠብቀው ያነሰ።

ለአስከሪዎቹ፣ ለዘበኞቹ፣ "ሽንት ቤት ወደቀ" አልናቸው። ወስደው ሰፉት፣ አገጩን በፋሻ ጠርንፈው መለሱት። ቢኒያም በማተቡ ምሏል። ሰይድ ከዚህ ተርሂል አውሮፕላን ላይ በእግሩ አይወጣም ብሏል።

ሰኞ

ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። በበሩ በኩል የሰይድ አገር ሰዎች፣ በሽንት ቤቱ በኩል የናቲ ልጆች። ክዳን ሲሚንቶ ላይ ሲሳል ይሰማል። ፍቅ፣ ፍቅ። ማን እንደሚስል ቀና ብሎ የሚያይ የለም።

ክርክሩ ግን ስለ ደሙ አይደለም። ስለ ዘፈን ነው።

"በዘፈን የተባለ ቂም አይያዝበትም" ይላል ቢኒያም። "አዝማሪ ቢሰድብህ ካራ ትመዛለህ?"

"አዝማሪማ ማሲንቆ አለው፣ ዜማ አለው" አለ ከሰይድ ወገን አንዱ። "ይሄ መለፍለፍ ነው። ይሄ ዘፈን ከሆነማ የኔ ሚስት አገር ያወቃት ዘፋኝ ናት!"

ተሳቀ። በሁለቱም በኩል። ሳቁ ሲያልቅ ፍቅፍቅታው ቀጠለ።

ሰይድ አንዴ ብቻ ተናገረ። "ፎከረብኝ። እኛ አገር ፊትህ ቆሞ የፎከረብህን ዝም ካልህ ሰው አትባልም።"

ያኔ ገባኝ። ዜማ የሌለው፣ ከደረት ወጥቶ የሚወረወር ቃል፤ ሰይድ የሚያውቀው እንዲህ ያለ ነገር አንድ ብቻ ነው። ፉከራ ደግሞ ወደ ማን እንደሚሄድ ያውቃል። ራፕ ያውቃል? "አንተ" ሲል ማንን ነው? ናቲ ሲለው ሰምቼ እኔም ደንግጫለሁ። እኔን መስሎኝ ነበር።

ሸህ እንድሪስ ጣልቃ ገቡ። አገራቸው መንዙማ ያወርዱ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ድንበሩ አጠገብ አል-ሙወሰም ፍየል ሲጠብቁ ተይዘው መጡ። "ነገ እንቀመጣለን" አሉ። "ዘፈን ከሆነ ሰይድ አጥፍቷል፣ ይክሳል። ስድብ ከሆነ ስድቡና ደሙ ተጣፍቷል፣ ኸላስ፣ አለቀ። ከዚያ ወዲያ ክዳን ያነሣ እኔን ይውጋ።" ሁለቱም ወገን ማለ።

አንድ ነገር አለ። ናቲ ራፕ ሲያደርግ ባዶ ጀሪካን በእግሬ መሃል ይዤ እመታለታለሁ። ትናንትም ስመታ ነበር። እስካሁን ማንም አላነሣውም። የሚያነሡት እየመሰለኝ እጄን ብብቴ ሥር ደብቄ ዋልኩ።

ማክሰኞ

ሸህ እንድሪስ የተጣሉበትን ብርድ ልብስ አጥፈው ተቀመጡበት። ናቲ መናገር ስለማይችል ቢኒያም ተናገረለት።

"አንቱ ሸህ፣ ግጥሙ የቆየ ነው። ሀሩብ ተራራ ላይ የግንብ ድንጋይ ስንሸከም ጀምሮ ይለዋል። አያ ሰይድን ሳያውቀው።"

"ብርድ ልብሱስ?" አለ ሰይድ። "ሀሩብም ብርድ ልብስ ነጠቅሁት?"

"ያኔም ነበረበት።"

"ማን ይመሰክራል?" አሉ ሸሁ።

"እኔ።"

"አንተማ ወንድሙ ነህ። እሺ፣ ዜማ አለው?"

"ምት አለው።"

"ምት በቅሎም አላት። ተቀባይስ?" ዙሪያውን አዩ። "ብቻውን የሚጮህ እብድ ነው። መንዙማም መንዙማ የሚሆነው ሲቀበሉት ነው። ሙሾም እንዲሁ። ይሄን ልጅ ማን ተቀበለው?"

ቢኒያም አፈጠጠብኝ። ናቲ ግን አላየኝም፤ በፋሻው ውስጥ ወለሉን ያይ ነበር። አለማየቱ መሰለኝ የገፋኝ።

"እኔ" አልኩ። "ጀሪካን እመታለት ነበር።"

እርግጫውን አላየሁትም። የሰይድ አገር ሰው በተረከዙ አፌን መታኝ። የታችኛው የፊት ጥርሴ አሁን ኪሴ ውስጥ ነው። ለምን እንዳልጣልኩት አላውቅም። ቢኒያም የመታኝን ሰው አንቆ ያዘ፤ ሸሁ በሁለቱ መሃል ገብተው በክርናቸው ለያዩአቸው።

"ተቀመጡ! ሲመታለት አቁም ያለ አለ?" ወደ ሰይድ ዞሩ። "አንተስ ሰይድ፣ በፊት በፊት ሲል ስትሰማ አቁም ብለኸዋል?"

ሰይድ "አልዋሽም" አለ። "እግሬም ይነቃነቅ ነበር።"

"እንግዲያ ዘፈን ነው። እኔ አልወደውም፤ ጆሮዬን ያሳክከኛል። ግን ዘፈን ነው። ድንጋይ ተሸክመህ እግሩ ላይ ትወድቃለህ።"

እዚህ ድንጋይ የለም። አንድ ጀሪካን ውሃ እንዲሸከም ተስማሙ።

አፌ እየደማ ነው። ተኝቼ የማድር አይመስለኝም። ሰይድ ፍርዱን እቀበላለሁ አላለም፤ አልቀበልምም አላለም።

ረቡዕ

በግራ እጄ ነው የምጽፈው። ቀኝ ትከሻዬ አብጧል።

ሰይድ የሞላውን ጀሪካን ማጅራቱ ላይ ጫነ። ሰው እግሩን እየሰበሰበ መንገድ ሰጠው። መሃል ሲደርስ ቆመ። ከዚያ ጀሪካኑን ወለሉ ላይ ፈጠፈጠው። ውሃው ሁላችንን አራሰን። የናቲ ልጆች ክዳናቸውን አወጡ።

ሰይድ ግን እነሱን አያይም ነበር። ደረቱን መታ።

ዘራፍ እኔ ሰይድ፣ ሯጩ በጠፍ ጨረቃ፣
ወንድሙ ሲጣራ ሰምቶ እንዳልነቃ!

በፉከራ የገደሉትን ነው የሚቆጥሩት። ሰይድ ጥሎት የመጣውን ቆጠረ። እንዲህ ያለ ፉከራ ሰምቼ አላውቅም። የአገሩ ሰዎች "በለው!" አሉ፣ ድምፃቸው እየተሰበረ። ከዚያ ከሽንት ቤቱ በኩልም "በለው!" የሚል መጣ። ቢኒያም ነው። ሰው ሁሉ ተነሣ፤ እያንዳንዱ የራሱን ሟች ስም ይጮሃል። እኔም ጮኽኩ። የማንን እንደሆነ አልጽፍም።

በሩ ተከፈተ። አስከሪዎቹ ኬብል ይዘው ገቡ። "ያላ! ያላ!" እርጥብ ወለል ላይ ስለነበርን ማንም ሮጦ የሚያመልጥ አልነበረም፤ እየተንሸራተትን እርስ በርስ ተከመርን፣ እነሱም ክምሩን ገረፉ። ሸህ እንድሪስን ጆሯቸው ላይ መቷቸው። ሰይድ ሁለተኛውን ስንኝ ይደግም ነበር ክንዱን ሲጠመዝዙት። ክንዱ ተሰበረ። እንደዚያም ሆኖ ስንኙን ጨረሰ። በእግሩ ይዘው ጎትተው አወጡት።

አለቃቸው ዐረብኛ የሚችል ጠየቀ። አል-ዒዳቢ እርሻ ላይ ስሠራ ስለለመድኩ ሰዎቹ ወደ እኔ ጠቆሙ። "ሙዛሀራ?" አለኝ። አድማ ነው ወይ ማለቱ ነው። አድማ ያስነሣ ከዚህ ወደ አገሩ አይጫንም፤ ወደ ፍርድ ቤት፣ ከዚያ መውጫው ወደማይታወቅ እስር ቤት ነው።

"ላ ወላሂ። ኡግኒያ" አልኩት። ዘፈን ነው።

"ሃዳ? ኡግኒያ?" ይሄ? ማለቱ ነው። ኬብሉን ትከሻዬ ላይ አሳረፈው፣ ደህና አድርጌ እንዳስብበት።

"ኡግኒያ።"

ደገመኝ። ከኋላዬ አንድ ሰው "ኡግኒያ" አለ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ብዙ ሆኑ። አለቃው ሁላችንንም አየ፣ ምራቁን ተፋ፣ ወጣ።

ሐሙስ

ሰይድ አልተመለሰም። ስንጠይቅ በሩን በዱላ ይመቱታል።

ሸህ እንድሪስ ግራ ጆሯቸው አይሰማም። "አልሐምዱሊላህ" አሉ፣ "ከእንግዲህ ራፑ በግማሽ ነው የሚገባኝ።" ስንስቅ ጎድናችንን ያዝን።

ቢኒያም ክዳኑን ሽንት ቤት ጨመረ። ሌላ ይኑረው አይኑረው አላውቅም። "ፍርዱን አልፈጸመም" ይላል አሁንም። "እግሩ ላይ አልወደቀም። ውሃውንም ደፋው።" እውነቱን ነው። ስለዚህ ሰይድ ቢመለስም አለመዳኑን አውቃለሁ።

ያልኩት ውሸት ይሁን እውነት ሳስብ ዋልኩ። ሙዚቃ ከሆነ ስለምን ሰው አስቆረጠ? ካልሆነስ ስለምን ሁሉም ስሙ የተጠራ መሰለው? ናቲን ልጠይቀው እፈልጋለሁ። በጠባብ ቀዳዳ ወተት እየመጠጠ ጣራውን ያያል።

ዓርብ

ከጁምዓ ሶላት በኋላ በሩ ተከፍቶ ሰይድን ወደ ውስጥ ገፈተሩት። ቀኝ ክንዱ በእንጨት ታስሯል። አንድ ዓይኑ አይታይም።

"ምን አልሃቸው?" አሉት ሸሁ።

"ኡግኒያ አልኋቸው። ዝፈን አሉኝ። ዘፈንሁላቸው።"

"ከዚያስ?"

"ሳቁ። ደግሞ አሉኝ።"

ሄዶ ናቲ አጠገብ ተቀመጠ። ቢኒያም ቀጥ ብሎ ቆመ።

"ያ ነገር" አለ ሰይድ፣ "እኔን ነው?"

ናቲ ራሱን ነቀነቀ። ፋሻው አገጩን ስለያዘው ወደ ታች ይሁን ወደ ጎን መለየት አልቻልኩም። ሰይድም የለየ አልመሰለኝም። ጥያቄውን ግን አልደገመለትም።

ሩዝ መጣ። ሰይድ በግራ እጁ ጥቂት ዘገነ፣ ውሃ ጨመረበት፣ በጣቶቹ አላቆጠው። ወደ ናቲ አፍ ዘረጋ። ናቲ ያንን እጅ አየ፤ ክዳኑን የያዘው እጅ ይሁን ሌላው አላስታውስም። ከዚያ የስፌቱ ክር እስኪወጠር ከንፈሩን ከፈተ። ጥቂት ፍሬ ገባ። የቀረው ከደም ጋር ጭኑ ላይ ወረደ።

ሰይድ ሌላ ዘገነ።

ቢኒያም እስካሁን አልተቀመጠም።