የአዳራሹ መስኮትና የባለቤቴ ትንፋሽ

ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ሐምሌ 1975 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ ጉተማ
የቀበሌያችን ሊቀመንበር

ጉዳዩ፦ አንድ መስኮት እንዲከፈትልን ስለ መለመን

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ የእንጦጦ ጉም እስከ ጓዳችን በሚገባበት በዚህ ክረምት መላ አካልዎ፣ በተለይም የሰፊውን ሕዝብ ጉዳይ ሲያብራሩ የማይደክመው ደረትዎ፣ በፍጹም ጤንነት እንዲቆይልን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ ሳመላልስ ያረጀሁት ሾፌር ሳልህ ነኝ። ባለፈው እሑድ በሂስና ግለሂስ ሰዓት ማንም ሳይፈራ ቅሬታውን በጽሑፍ ያቅርብ ብለው ስላዘዙን፣ ትእዛዝ አክባሪ በመሆኔ ይኸው ጻፍኩ፤ ሕዝቡም እንዲማርበት አንዱን ቅጂ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጥፌዋለሁ።

በቅድሚያ ስለ ጤና ትምህርቱ ምስጋናዬ ይድረስዎ። በየእሑዱ በቀበሌው አዳራሽ ሰብስበው ስለ ምግብ፣ ስለ ሆድ፣ ስለ መድኃኒትና ስለ ሲጋራ ባያስተምሩን ኖሮ፣ በምን እንደምንሞት ሳናውቅ እንሞት ነበር። ቅሬታዎቼም ጥቂት ናቸው።

፩. ስለ ምግብ በተሰጠው ትምህርት ሰው ወተት፣ እንቁላልና ሥጋ ማዘውተር እንዳለበት ተረድተናል። ከዳቦ ሰልፍ ባዶ እጃችንን ተመልሰን የተሰበሰብንበት ቀን ስለነበረ አንዲት ቃል እንኳ አላመለጠችንም። ትምህርቱ የምሳን ሰዓት አልፎ በመቀጠሉም ስለ እንቁላል በጥልቀት ለማሰብ ጊዜ አግኝተናል፤ እግዜር ይስጥልን።

፪. በዚያው ዕለት ባለሱቁ ባፈና ተቅማጥ ይዞት ስለነበር ወደ መጸዳጃ እንዲሄድ የበሩን አብዮት ጥበቃ ቢለምን፣ የአቋም መግለጫው ሳይነበብ ማንም አይወጣም ተባለ። ምግብ በሆድ ውስጥ ስለሚያደርገው ጉዞ የሚሰጠው ማብራሪያ ትልቁ አንጀት ላይ ሲደርስ፣ ባፈና መታገሥ አቅቶት በመስኮት ዘሎ ወጣ። እርስዎም ድርጊቱን ከስብሰባ መኮብለል ነው ብለው ፈረጁትና በማግስቱ የአዳራሹን መስኮቶች በሙሉ በምስማር አስመቱ። የጋራ መጸዳጃችን እንዲጠገን ማመልከት ከጀመርን ልጆቻችን አድገው ተድረዋል፤ የባፈና ሆድ ግን ባንድ ሌሊት ውሳኔ አገኘ።

፫. ስለ ሲጋራ። የተጋበዙት የጤና ባለሙያ ጭስ ሳንባን እንዴት እንደሚያጠቁር ሲያስረዱ፣ እርስዎ ከጎናቸው ተቀምጠው አንዱን ሲጋራ በሌላው እየለኮሱ በዓይን የሚታይ ማስረጃ አቀረቡልን። የኮሚቴው አባላትም ሊቀመንበራቸውን ብቻቸውን ላለመተው አጨሱ። ብርድ ገባ ተብሎ በሩ ተዘግቷል፤ መስኮቱ ተቸንክሯል። እኔ የነዳሁት ያ አሮጌ የጭነት መኪና እንኳ ጭሱን ወደ ውጭ የሚተፋበት ቱቦ ነበረው። ባለሙያው ራሳቸው ሳል አላናግር ብሏቸው ቀሪውን ለሚመጣው እሑድ ብለው ተቀመጡ።

ባለቤቴን ከይሪያን ያውቋታል፤ አስም አለባት። በዚያ ጭስ ውስጥ ትንፋሽ አጥሯት ከወንበሯ ወደቀች። እርስዎ ራስዎ ሮጠው መስኮቱን ለመክፈት መታገልዎን አልክድም፤ ምስማሩ ግን የቀድሞ ትእዛዝዎን አክብሮ ንቅንቅ አልል አለ። ተሸክሜያት በበር ስወጣ አብዮት ጥበቃው ፈቃድ እንዳለኝ ጠየቀኝ። ክሊኒክ ስንደርስም ለባፈና ሆድ የታዘዘውን ክኒን ለእሷም ለደረቷ አዘዙላት። የሰው አካል እርስ በርሱ የተያያዘ ነው ብለው ያስተማሩን ለካ እውነት ኖሯል።

ከዚያን ቀን ወዲህ ጋደም ስትል ስለምትታፈን ትራስ ተደግፋ ቁጭ እንዳለች ታነጋለች። ከስብሰባው እንድትቀር ብማጸን፣ ጸሐፊዎ ወርቅአየሁ፣ «ቤቷ የምትተነፍስ ሴት እዚህም ትተነፍሳለች፣ ከቀረች ግን የራሽን ካርዳችሁ ይያዛል» የሚል መልስ በትሕትና ሰጠኝ። ጓድ ሊቀመንበር፣ ሳላሽሞነሙን ልንገርዎ፤ ፈርቻለሁ። ደረቷ ሲያፏጭ ስሰማ የማደርገው ይጠፋኛል፤ እጄን ጀርባዋ ላይ አድርጌ ከመቀመጥ በቀር ምንም አላውቅም። የሚመጣው እሑድ የሲጋራው ትምህርት ማጠቃለያ ነው፤ ከይሪያ ያን ቀን እዚያ አዳራሽ ከገባች በእግሯ የምትወጣ አይመስለኝም። ካልገባች ደግሞ የምንበላው የለንም።

ሲጋራዎን ይተዉ አልልም፤ ያን ያህል አልደፈርኩም። ወደ እንጦጦ ማርያም ከሚያዩት የኋላ መስኮቶች የአንዱን፣ የአንዱን ብቻ፣ ምስማር ያስነቅሉልን። ጉጠት ከጠፋ የራሴን አመጣለሁ። ሰው ይዘልበታል ብለው ከሰጉም፣ ስብሰባው እስኪያልቅ በዝናብ ከመስኮቱ ሥር ቆሜ የሚዘለውን ሁሉ ወደ ውስጥ ለመመለስ ቃል እገባለሁ።

ጤናችንን ለመጠበቅ ሲሉ ያሳለፉልን ውሳኔ ሁሉ በየደረታችን እየተሰማን፣ በጭሱ መካከል ፊትዎ ባይታየንም ወዳሉበት አቅጣጫ በአክብሮት እጅ የምነሳ፣

ሳልህ አብደላ
ጡረተኛ ሾፌር

ግልባጭ፦
ለማስታወቂያ ሰሌዳው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህችን ክፍል በሰሌዳው ላይ አልለጠፍኳትም፤ ለእርስዎ ብቻ ናት። ከይሪያ በአዳራሹ የምትቀመጠው ከወላጅ እናትዎ ከወይዘሮ ደብሪቱ ጎን ነው። እሳቸውም እርስዎ ሲያጨሱ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አድርገው ድምፅ ሳያሰሙ ይስላሉ፤ ከዚያም ጫፉን ወደ ውስጥ አጥፈው ይደብቁታል፤ ደም አለበት። ልጄ በሕዝብ ፊት እንዳያፍር ብለው ከይሪያን ስላስማሏት እስከ ዛሬ ከእኔ በቀር ለማንም ትንፍሽ አላለችም። የማለችው እሷ ናት እንጂ እኔ አይደለሁም። ነጠላውን ከየስብሰባው በኋላ በድብቅ እያጠበች የምትመልስላቸው ባለቤቴ ነበረች፤ አሁን ግን ለማጠብ አቅም የላትም፤ ስለዚህ ከሚመጣው እሑድ ጀምሮ እርስዎ ቤት ይታጠባል።