ከማን ነው ያመጣሽው?

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው፣ ደረጃ መውጣቱ ቀለል አለልሽ? እኛ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና በነፍስ አለን። በደህና አለን ብዬ ግን አልዋሽሽም። እባክሽ ይህን ለብቻሽ ሆነሽ አንብቢው፤ እህቴ ብትጠይቅሽ የሰላምታ ነው በያት።

ሕፃኗ በተወለደች ማግስት ጆሮዋን ሲመረምሯት እንዳልሰማች ነግሬሽ ነበር። "ገና ጨቅላ ናት፣ ይከፈትላታል" ብለሽ አጽናናሽኝ። አልተከፈተም እማዬ። ሽንቷን መርምረው ሳይቶሜጋሎ የሚባል ቫይረስ አገኙባት። እርጉዝ ሳለሁ እኔን ይዞኝ፣ በእኔ በኩል ወደ እሷ ተሻግሮ ነው አሉኝ። ያኔ አተኩሶኝ አቅም አጥቼ የተኛሁት ትዝ ይልሻል? የእርግዝና ድካም ነው ብለን ናቅነው።

ባለቤቴ ስልኩ ላይ ፈልጎ በምራቅ፣ በሽንት፣ በግብረ ሥጋም ይተላለፋል የሚል አነበበ። እሱ ያየው የመጨረሻዋን ብቻ ነው። ልጅቷን እያጠባሁ መጥቶ "ከማን ነው ያመጣሽው?" አለኝ። ደሜ ፈላ። "ከባድ መኪና እየነዳህ በየመንገዱ የምታድረው አንተ አይደለህ እንዴ?" አልኩት። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ቤት መሆኑ ቀረ። ወንድ ደንበኛ ሱሪ ሊያሳጥር ሲመጣ፣ ሰውየው እስኪወጣ ድረስ ባለቤቴ ከስፌት መኪናዬ አጠገብ አይነቃነቅም። እኔም ብሆን ሸሚዙን ከማጠቤ በፊት ማሽተት ጀመርኩ። እሱ ሶፋ ላይ ያድራል። የምንነጋገረው ልጅቷ ስታለቅስ ብቻ ሆነ፤ "ያዛት"፣ "አምጪያት"፣ በቃ።

በመጨረሻ ሐኪሟ ሁለታችሁም ኑ አለችን። እሱ ምን ይፈራል፣ ፊት ለፊት ጠየቃት። ተቆጣችው። "ይህ ቫይረስ ስንቱ ሰው ውስጥ ሳያውቀው ይኖራል መሰለህ! ነፍሰ ጡሮችን ብዙ ጊዜ የሚይዛቸው ከትንንሽ ልጆች ነው፤ ዳይፐር ሲቀይሩ፣ ትራፊያቸውን ሲበሉ፣ አፋቸውን ሲስሙ" አለችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ እርጉዝ ሳለሁ ቤታችን ትንሽ ልጅ ይኖር እንደነበር ጠየቀችኝ።

እህቴ ሥራ የጀመረች ሰሞን ልጇን እኛ ዘንድ ታውለው እንደነበር ታውቂያለሽ። በእሱ ማንኪያ እየቀመስኩ ነበር የማጎርሰው። ካልሳመኝ እንቅልፍ አይወስደውም ነበር።

አፌን ከመክፈቴ በፊት ባለቤቴ ቀደመኝ። "ኧረ የለም ዶክተር፣ ሁለታችን ብቻ ነበርን" አላት፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

ስንወጣ መኪናውን ሳያስነሳ ቆየ። "ለእህትሽ ትንፍሽ እንዳትዪ። ይህን ሰምታ ከእንግዲህ ልጇን አቅፋ የምትስቅ ይመስልሻል?" አለኝ። ከዚያ "ይቅር በዪኝ" አለና መሪው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። እኔም አብሬው።

ልጅቷ መድኃኒት ጀምራለች። የቀረው መስማቷ እንዳይጠፋ ሊረዳት ይችላል ትላለች ሐኪሟ፤ ለመስማት የሚረዳ መሣሪያም ጆሮዋ ላይ ይደረግላታል። አባቷ ደረቱ ላይ አስተኝቶ ያንጎራጉርላታል፣ ንዝረቱ ይገባታል እያለ። ወደ አልጋችንም ተመልሷል።

አንድ ነገር ግን ዕረፍት ነሳኝ እማዬ። ባለቤቴ ሲዋሽ አይቼው አላውቅም ነበር። ለእህቴ አዝኖ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ወድጄለታለሁም። ግን ሰው እንዲህ አሳምሮ መዋሸትን የት ይለማመዳል? ትናንት ከመንገድ ሲመለስ "መንገድ እንዴት ነበር?" አልኩት። "ደህና ነበር" አለኝ።

በዚያው ድምፅ።

ፈጣሪ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፣ ጉልበትሽን ያጽናልኝ። ምርቃትሽ ከልጄ ራስ ላይ አይጥፋ። የእህቴን ልጅ አክስትህ ናፍቃሃለች በይልኝ።

የማትጠግብሽ ልጅሽ